መልሱ በየት በኩል ይመለሳል? የማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክ በጣና ዳር

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር በቃል ቀርቦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



 የተሰጠኝ ርእስ ቴክኖሎጂ ለተማሪዎች መማር የሚሰጠውን ድጋፍ የሚመለከት ነው። የማስተምረው የትምህርት ታሪክ በመሆኑ ስለ ነገ መሣሪያዎች ትንቢት መናገር አይሆንልኝም። የምችለው ከዚህ ሐይቅ ዳር ብዙ ሳልርቅ፣ በተለያየ ዘመን በመምህርና በተማሪ መካከል የገቡ መሣሪያዎችን እያነሣሁ ምን እንደ ሠሩና ምን እንዳልሠሩ መመርመር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ምርመራውን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ። እኔም በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁት እንደ ብዙዎቹ መምህራን በቴሌግራም ቻናል ከፍቼ የንባብ ጽሑፎችን መላክ ጀመርሁ። ክፍሉ ሃምሳ ያህል ተማሪዎች ነበሩት። በቻናሉ ላይ ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ስንት ጊዜ እንደ ታየ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ክፍሌ ሞልቶ የማየው ይመስለኝ ነበር። ለሳምንታት በዚያ ቁጥር ተጽናንቻለሁ።

በ2013 ተማሪዎቹ ሲመለሱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከላክኋቸው ጽሑፎች ቀላሉን ሐሳብ አንሥቼ ጠየቅሁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከትምህርቱ በኋላ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥታ የሆነውን በትሕትና አስረዳችኝ። ፋይሉ ደርሷታል። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ አውርዳዋለች፤ ማንበብም ጀምራ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ያልገባት ጽንሰ ሐሳብ ገጠማት። ልትጠይቀኝ ፈለገች፤ በቻናሉ ላይ ግን የመጻፊያ ቦታ አልነበረም። የቀረው ሁሉ በዚያ ሐሳብ ላይ የቆመ ስለ መሰላት ንባቡን እዚያው አቆመችው።

ቻናልን ከግሩፕ አስበልጬ የመረጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ምክንያቴም ጫጫታ እንዳይበዛ ነበር። ቃሌ ተማሪዋ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ አዘጋጅቼ የእርሷ ጥያቄ ወደ እኔ የሚመጣበትን መንገድ ዘግቻለሁ ማለት ነው። ያልተመለሱ ተማሪዎችም ነበሩ። ቻናሉ ስለ እነርሱ የነገረኝ ነገር የለም፤ በእኔ ቁጥር ውስጥ እነርሱም «ካዩት» መካከል ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት መሣሪያ ሁሉ የሚመዘንበት አንድ ጥያቄ ይዣለሁ፤ መሣሪያው የመምህሩን ቃል ወደ ተማሪው ያደርሳል፤ የተማሪውን መልስና ጥያቄስ ወደ መምህሩ የሚመልሰው በየት በኩል ነው? ዛሬ የማቀርበው ታሪክ በዚህ ጥያቄ የተቃኘ ነው።

1. ገበታውና ስንደዶው

ቴክኖሎጂ ስንል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር ብቻ የሚታየን ከሆነ የዚህን ሐይቅ ታሪክ አብዛኛውን ክፍል እንስተዋለን። ክብራን ገብርኤል፣ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሌሎቹም ገዳማት ለዘመናት የብራና መጻሕፍት መኖሪያ ሆነው ኖረዋል። ብራና ራሱ ቴክኖሎጂ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ከዚያም በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፍበታል። አንድ ዳዊት ጽፎ ለመጨረስ ወራት ይፈጅ ነበርና ለየተማሪው አንዳንድ መጽሐፍ ማደል የሚታሰብ አልነበረም። የአብነት ትምህርት ሥርዓት የተቀረጸው ከዚህ እጥረት ጋር ተስማምቶ ነው።

በንባብ ቤት የሚሆነውን እንመልከት። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ረድፉን በዜማ ሲወጣው መምህሩ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ልጁ ፊደሉን ለይቶ እያነበበ ነው ወይስ የሰማውን ድምፅ በቃሉ እየደገመ? በጆሮ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። መፍትሔው አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ» ሲባል ፊደሉ ከቤት ቤት፣ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየዘለለ ይሄዳል፤ የተለመደው ተራ ይፈርሳል፤ በቃል የሸመደደው ልጅ ይሰናከላል። እርግጥ አቡጊዳውም በተራው ሊሸመደድ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ በስንደዶ ከዚህም ከዚያም እየጠቆመ «ይህ ማን ነው?» ይላል። ልጁ ይህን ካለፈ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። እዚያም በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይሰማል።

አቡጊዳ አዲስ ዕውቀት አይጨምርም፤ በፊደል ገበታው ላይ የሌለ ፊደል የለበትም። ሥራው የተማሪውን ሁኔታ ለመምህሩ መንገር ነው። በዘመናችን የትምህርት ምዘና ቋንቋ ብንናገር የመለያ ፈተና ልንለው እንችላለን። ዋጋው የአንድ ስንደዶ ዋጋ ነው፤ የሚጠይቀው ግን አጠገብ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ነው።

2. ምልክቱና ጉባኤው

ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት ስንሻገር ሌላ መሣሪያ እናገኛለን። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ ቆይቷል፤ የዜማው ትምህርትም ከዚህ ሐይቅ ጋር የተሳሰረ ነው። በድጓው ቃላት ላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች ደግሞ ትውፊቱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ምልክቶቹ በአብዛኛው ከታወቁ የዜማ ሐረጎች ተቀንጭበው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው። ባለ ሙያው ከቃሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ፊደል ሲያይ ያ ሐረግ በሌላው ቦታ እንዴት እንደሚዜም ትዝ ይለዋል፤ እዚህም እንደዚያው ያዜመዋል።

ይህ አሠራር የሚያስተምረን ነገር አለ። ምልክቱ የሰማውን ሰው ያስታውሰዋል፤ ያልሰማውን ግን አያሰማውም። የፈጠሩት ሊቃውንት መሣሪያው መምህሩን እንዲተካ አላሰቡም። የትምህርቱ አካል አሁንም መቀጸል ነው፤ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ መምህሩ ያርማል፣ ተማሪው እንደገና ያዜማል።

ታዲያ አንድ መሪጌታ ብዙ ተማሪ እንዴት ይሰማል? በዚህም ሥርዓቱ መልስ አለው። የላቁት ተማሪዎች ከመምህሩ ይቀበላሉ፤ እነርሱ ደግሞ መለስተኞቹን ያስቀጽላሉ። በቅኔ ቤትም አስነጋሪ የሚባለው የጀማሪዎቹን ቅኔ ሰምቶ ያቃናል። የተማሪው መልስ መምህሩ ዘንድ እስኪደርስ በየደረጃው የሚሰማው ጆሮ አለ ማለት ነው። የዛሬዎቹ የትምህርት ባለ ሙያዎች «ተማሪ ተማሪን ማስተማር» ብለው የሚመክሩትን እነዚህ ጉባኤያት ያለ ምንም ሥልጠና ሰነድ ሲሠሩበት ኖረዋል።

አባቴ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያለፉ ሰው ነበሩ። ሲያጫውቱን፣ መምህሩ የነገሩትን ቅኔ ከሰሙ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ወደ ዱር ወይም ወደ ጥላ ይሄዳል፤ እዚያ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ወደ ማታ ተመልሶ ይነግራል፤ ይታረማል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁና በዋዜማ አድርጎ እስከ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ትላንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብም ነውር ነው። የአብነት ትምህርት ሁሉ ሽምደዳ ነው የሚሉ ሰዎች ንባብ ቤቱን አይተው ቅኔ ቤቱን ሳያዩ የተመለሱ ይመስለኛል።

ይህን ስል ያለፈውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ያ ሥርዓት አለንጋ ነበረበት፤ ረኀብና የውሻ ንክሻ ነበረበት፤ በደበሎና በአኮፋዳ የሚንከራተተው ቆሎ ተማሪ የሚታወቀው በመከራው ነው። ሴት ልጆችን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከደጁ መልሷቸዋል። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ብልጫ አለው፤ የተማሪውን ድምፅ ሳይሰማ ወደ ፊት አያሻግረውም።

3. የተሻገረው ምስል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የፎቶግራፍ ካሜራ ወደ ደሴቶቹ ገባ። ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ገዳማት የሚገኙ ብራናዎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1977 ዝርዝራቸውን በሁለት ቅጾች አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሰፊ ሥራ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የኮሌጅቪል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ተጀመረ። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ታላቅ ክፍል እነዚያን ቅጂዎች በመመርመርና ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት አሳልፈዋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም አከራካሪ አይደለም። እሳት፣ ምስጥና ስርቆት የሚያሰጋው መጽሐፍ ቢያንስ ምስሉ ተርፏል። ለተማሪ የሚኖረው ትርጉም ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር የሚኖር ተማሪ በስልኩ ከኮሌጅቪል የብራና ምስል ሊከፍት ይችላል፤ ግዕዝ ካልተማረ ግን የሚያየው ውብ ሥዕል ብቻ ነው። ምስሉ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ የሚያስነብበው ሰው ግን አብሮ አልተሻገረም። አንድ ነገር እጃችን መግባቱና መማራችን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። እኔም በ2012 የሳትሁት ይህንኑ ልዩነት ነው።

4. ቆርኪ፣ ሸክላና የተቆለፈው ክፍል

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንምጣ። የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሁለት ተቋማት ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ባደረጉት የሦስትዮሽ ስምምነት ተመሥርቶ በዓመቱ ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ዛሬም ግቢውን «ፔዳ» እያልን የምንጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ በኋላ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የአካዳሚው ዓላማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮና ልማት ጋር የሚያዛምዱ ባለ ሙያዎችን ማፍራት ነበር።

እኔ በዚያ ግቢ በተማርሁበት ዘመን «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» የሚለው ቃል ከመምህሮቻችን አፍ አይጠፋም ነበር። ጽሑፍ የሚባዛው በስቴንስል ነው፤ እጃችን በቀለም ይጠቁራል። በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ተቋቁመው በአካባቢ ከሚገኝ ነገር መርጃ እንዲሠራ ይበረታታ ነበር። ለመቁጠሪያ ቆርኪ፣ ለቅርጻ ቅርጽ ሸክላ፣ ለካርታ ጆንያና ካርቶን። ገንዘብ የሌለው አገር ያሰበው ብልህ ሐሳብ ነበር።

ለማስተማር ልምምድ በሄድሁበት በአንድ ትምህርት ቤት እነዚህ መርጃዎች በአንድ ክፍል ተደርድረው አየሁ። ክፍሉ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነው፤ የሚከፈተው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ነው። ልጆቹ የሠሩት ነገር ለልጆቹ ተከልክሎ ለጎብኚ ይታያል። መሣሪያው ወደ መምህሩ ሊመልሰው ይገባ የነበረውን መልስ ወደ ቢሮ ሪፖርት አዛውሮታል።

በዚያው ትምህርት ቤት ግን አንድ መምህር ሌላ ነገር ያደርጉ ነበር። ተማሪዎቻቸውን ወደ ሜዳ አውጥተው ጣናን በጭቃ እንዲሠሩ ያዝዟቸዋል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየት በየት እንደሚገቡ፣ ዓባይ በየት እንደሚወጣ ልጆቹ በጣታቸው ይቦረቡራሉ፤ ከዚያ በጣሳ ውኃ ይፈስሳል። አንዱ ቡድን ዓባይን ከሐይቁ አፋፍ ከፍ አድርጎ ሠርቶት ኖሮ ውኃው ወደ ኋላ ተመለሰ። መምህሩ አልተቆጡም፤ «እስቲ ለምን እንቢ አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ስለ ተዳፋት የነበራቸው የተሳሳተ ግንዛቤ በዚያች ቅጽበት ታየ፤ ታረመም። ጭቃው አቡጊዳ የሚሠራውን ሥራ ሠራ፤ የልጆቹን አእምሮ ለመምህሩ ገለጠለት።

5. የማይጠብቀው መምህር

በ1997 የሳተላይት የትምህርት ቴሌቪዥን በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ፤ ሁላችንም «ፕላዝማ» የምንለው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ከማእከል በሳተላይት ይሠራጫል፤ በየክፍሉ የተሰቀለው ስክሪን ይቀበላል። የክፍሉ መምህር በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ የቀረው የስክሪኑ ነው።

ስለ ፕላዝማ መቀለድ ቀላል ነው፤ ፍርድ ግን ሚዛን ይፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት የሚስፋፉበት፣ በሒሳብና በሳይንስ የሠለጠነ መምህር የሚያጥርበት ዘመን ነበር። ቤተ ሙከራ አይተው የማያውቁ የገጠር ተማሪዎች የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ በዓይናቸው አዩ። እንግሊዝኛን በጆሯቸው ለመልመድ የረዳቸውም ጥቂቶች አይደሉም። ከተማና ገጠር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ መታሰቡም የፍትሕ ሐሳብ ነው።

ችግሩ ሥርጭቱ የማይቆም መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ገብቼ እታዘብ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግናል። በክፍሉ የመለሰ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወደ ቤት ስሄድ ግን ሣቁ መራራ ሆነብኝ። የተመሰገነው ዝምታ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ያለ ተማሪ ይቀጥላል፤ መብራቱ ሲመለስ ስክሪኑ ሌላ ምዕራፍ ላይ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው የክፍሉ መምህር ላይ የደረሰው ነው። ተማሪዎቹ ግራ ሲጋቡ ከፊታቸው ያያል፤ ማቆም ግን አይችልም። በአማርኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢናገር ከሥርጭቱ ጋር ይጋጫል። በትምህርት ሂደት ውስጥ ያለው ብቸኛው የሚሰማ ጆሮ እርሱ ነበር፤ መሣሪያው የተዘረጋው ግን ያ ጆሮ እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። ያስቀጽል የነበረው ሰው ስክሪን ከፍቶ የሚዘጋ ሆነ። ብዙ መምህራን ያን ጊዜ ያቀረቡት ቅሬታ ዘመናዊነትን ከመጥላት የመጣ አልነበረም፤ ከሥራቸው ዋናው ክፍል ስለ ተወሰደባቸው ነበር።

6. ኔትወርክ ሲኖርና ሳይኖር

ወደ ጀመርሁበት ወደ 2012 ልመለስ። ተማሪዬ ቢሮዬ መጥታ ከነገረችኝ በኋላ አሠራሬን ለወጥሁ። ቻናሉን በግሩፕ ተካሁት። ሠላሳ ገጽ ከመላክ ይልቅ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት እቀርጻለሁ፤ በመጨረሻው አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፤ ተማሪዎቹም በድምፅ ይመልሳሉ። የድምፅ ፋይል ትንሽ ዳታ ስለሚበላ አቅም የሌላቸውም ተሳተፉ። በጽሑፍ እንግሊዝኛቸው የሚያፍሩ ተማሪዎች በአማርኛ ሲናገሩ እንዴት ያለ ጥልቅ ሐሳብ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የሁሉን መልስ ሰምቼ መጨረስ ስላልቻልሁ አምስት ጎበዝ ተማሪዎች የየቡድናቸውን እየሰሙ የከበደውን ብቻ ወደ እኔ እንዲያመጡ አደረግሁ። ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ስነግረው «አስነጋሪ ሾምህ በለኛ!» አለኝ። ሳላውቀው ወደ አባቴ ጉባኤ ተመልሼ ነበር።

ይህም ቢሆን በኔትወርክ ላይ የቆመ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭትና በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሳቢያ ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ሲቋረጥ ግሩፑ በአንድ ቀን ጸጥ አለ። በዚያ ጊዜ የረዱን ነገሮች በማንኛውም የዲጂታል ስትራቴጂ ሰነድ ውስጥ በጉልህ አይጻፉም፤ ፍላሽ ዲስክ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል የሚያሻግረው ዜንደር፣ ከግቢው በር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች። ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በሚመጣ ጓደኛ የላኩልኝ ተማሪዎች ነበሩ። መንገዱ ሲከፈት መልሱን በዚያው ወረቀት ጀርባ ጽፌ እልክ ነበር። ዝግተኛ ነው፤ ነገር ግን ሁለት አቅጣጫ ያለው መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መሣሪያ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ጥያቄ ያነሣል። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ለተማሪው ጥያቄ በማንኛውም ሰዓት መልስ ይሰጣሉ። በዚህ ረገድ ያቺ በጉብታው ላይ የቆመችው ተማሪ ያጣችውን ነገር ያሟላሉ ማለት ይቻላል፤ አራተኛው ገጽ ላይ ያልገባትን ሐሳብ ባስረዷት ነበር። ይህን ጥቅም መካድ አግባብ አይደለም፤ በአማርኛ ሲጠየቁ ግን በእንግሊዝኛ የሚያህል ብቃት እንዳላቸው ሳናረጋግጥ ልንታመንባቸው አይገባም።

አደጋው በሌላኛው አቅጣጫ ነው። ፕላዝማ የተማሪውን መልስ አይመልስም ነበር፤ ዝምታውን ግን እንሰማው ነበር። ይህኛው መልስ ያመጣልናል፤ ድምፁ የተማሪው መሆኑን ግን አናውቅም። ዛሬ የማርማቸው የቤት ሥራዎች እንከን የለባቸውም፤ ሁሉም ግን ይመሳሰላሉ። ስሕተት አልባ ወረቀት ስለ ተማሪው የሚነግረኝ ከአቡጊዳ በፊት በዜማ የተወረደ ሀ ሁ የሚነግረውን ያህል ነው። ከ2015 ጀምሮ ለተመራቂዎች በኮምፒውተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በመጨረሻ ማን እንዳለፈና ማን እንዳላለፈ ይነግረናል፤ ተማሪው የት ቦታ ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ ግን እስከዚያ መጠበቅ በጣም መዘግየት ነው።

7. ለፋኩልቲያችን የማቀርበው

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ሦስት ሐሳቦችን ላቅርብና ላብቃ።

አንደኛ፣ አዲስ መሣሪያ በተገዛ ወይም በተለገሰ ቁጥር ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ከመጠየቃችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ተማሪው በዚህ በኩል ሊጠይቀን ይችላል ወይ? መምህሩስ ተማሪው ግራ ሲጋባ ሊያቆመው ይችላል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አይችልም» ከሆነ መሣሪያው የማሠራጫ እንጂ የማስተማሪያ አይደለም። ማሠራጨትም ጥቅም አለው፤ ግን በስሙ እንጥራው።

ሁለተኛ፣ የቤት ሥራን በቃል ማስመስከርን እንመልስ። ተማሪው በየትኛውም መሣሪያ ተረድቶ ይጻፍ፤ ከዚያ ግን እንደ ቅኔ ተማሪ ቀርቦ ይናገር፤ ይጠየቅ፤ ይታረም። እኔ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየሳምንቱ ጥቂት ተማሪዎችን በዚህ መንገድ እሰማለሁ። ጽሑፋቸው ያማረ ሆኖ ሲናገሩ የሚንተባተቡ አሉ፤ ጽሑፋቸው ደካማ ሆኖ ሲናገሩ የሚያስደንቁኝም አሉ። ሁለቱንም ያወቅኋቸው በመስማት ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ሐሳብ ጊዜን የሚመለከት ነው። «ስድሳ ተማሪ በቃል እንዴት ይሰማል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መስማት የመምህሩ የሥራ ሰዓት ሆኖ ካልተቆጠረ ማንም ሊያደርገው አይችልም። ከፍ ያሉ ተማሪዎችን እንደ አስነጋሪ መድበን፣ ድካማቸውን በክሬዲት ወይም በአበል ካላከበርን ሐሳቡ እንደ ተቆለፈው የመርጃ መሣሪያ ክፍል ለጎብኚ ማሳያ ይሆናል። ለኮምፒውተርና ለስክሪን በጀት ስንይዝ ለሚሰማው ሰው ጊዜም በጀት እንያዝ። ዲናችን ከፊት ስለ ተቀመጡ ይህን በአጋጣሚ የተናገርሁት እንዳይመስልዎ። (ሣቅ)

ያቺ ተማሪዬ ተመርቃለች፤ እርሷም ዛሬ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት ደውላ ስለ አንድ የትምህርት ዕቅድ ጠየቀችኝ። ተማሪዎቿ ስልክ የሌላቸው ስለሆኑ የጥያቄ ሣጥን ከካርቶን ሠርታ በክፍሏ በር ላይ እንዳንጠለጠለች በዚያው ነገረችኝ። ወረቀቶቹን በየምሽቱ ታነባቸዋለች፤ በማግስቱ ትምህርቷን የምትጀምረው ከእነርሱ ነው።

 አሁን ደግሞ መስማት የእኔ ተራ ነውና ጥያቄዎቻችሁን እጠብቃለሁ።